የጀልባዋ ጎማና የእኔ ቃለ ጉባኤ

የጎማ ሽታ ያናድደኛል። ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፣ ወይም ያስነጥሰዋል፤ እኔን ያናድደኛል። ባለፈው ሰሞን ከልጄ ጋር ከደሴ ወደ ሐርቡ ለለቅሶ ስንወርድ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰና አንድ ጎሚስታ በር ላይ ቆምን። ጎማ ጠጋኙ የሚለጥፈው ላስቲክ መጋል ሲጀምር ያ ሽታ መጣ። "እማ፣ ጥላ ውስጥ ግቢ" ይለኛል ልጄ። እኔ ግን እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጠጋኙን፣ "የሚያብረቀርቀውን አትስጠው! ግድግዳው ወፍራም የሆነውን ስጠው!" ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ደንግጦ "እናቴ፣ እኔ የምለጥፍ እንጂ የምሸጥ አይደለሁም፤ ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ምንም አላጠፋም። ያኔ ልጅ ሆኜ ያልጮህኩትን ጩኸት ነው እሱ ላይ የጣልኩት። ልጄ ይቅርታ ጠይቆ መኪና ውስጥ አስገባኝ።

አባባ፣ ተፈራ ጎሚስታ ይባሉ ነበር፣ ሱቃቸው በደርግ ጊዜ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነበረች። ሱቅ አልኳት እንጂ ከቆርቆሮ የተመታች፣ በክረምት የደሴ ጉም ሳያንኳኳ የሚገባባት ክፍል ነበረች። ደጃፏ ላይ አንድ ያለቀ የጭነት መኪና ጎማ ተጋድሞ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይቀመጥበት ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከሐይቅ ከተማ የመጣ ቆሮሶ ዓሣ አንዱ በስሙኒ፤ ስኳርና ሳሙና ደግሞ በቀበሌ ካርድ፣ ያውም ሲገኝ። ወንዶቹ ከታች የሰፋ ሱሪያቸውን ፒያሳ ላይ እያንጓተቱ አስፋልቱን ይጠርጉታል፤ እኛ ሴቶቹ ጸጉራችንን አፍሮ አበጥረን፣ ኮንጎ ጫማችንን በውሃ አጥበን፣ ከኋላቸው እንስቃለን። እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር አባባ የሚዘምሩት ሥራ ላይ ነበር፦ መዶሻው ቸርኬውን ሲመታ በድምፁ ተከልለው ይዘምራሉ፣ መዶሻው ሲያርፍ ዝም ይላሉ። አላፊ አግዳሚው የሚሰማው ብረት ብቻ ነው። እኔ ግን መዝሙሩ የቱ ጋ እንደደረሰ ከመዶሻው አውቅ ነበር።

ዛሬ "ያ ጊዜ! ሻይ በአሥር ሳንቲም የነበረበት ጊዜ!" እያለ የሚያለቃቅስ ሰው ያናድደኛል። አዎ፣ በአሥር ሳንቲም ነበር። በአሥር ሳንቲም ሻይ እየጠጣን ነው ያን ሁሉ ያደረግነው።

እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ስሜ አስቴር፣ ደስተኛ ነኝ። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ደስተኛ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እናቶችን ፊደል አስቆጥሬያለሁ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፣ "የተፈራ ልጅ ጽሕፈቷ እንደ ማተሚያ ቤት ነው" ተብሎ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ አድርጎኛል። መጻፍ እንደምችል ያወቅኩበት ዓመት ነበር። "በመሆኑም" የምትል ቃል ስጽፍ ልቤ ትሞቃለች። "ከላይ በዝርዝር እንደተገለጸው" ብዬ መስመር ስጀምር ራሴን ሚኒስትር አደርገዋለሁ። ቤት ውስጥ እንኳ እናቴን "በመሆኑም ጨው ስለሌለ..." እላት ነበር፤ እሷም "ጨው የለም በይ፣ አንቺ ልጅ!" ትለኛለች። ቃለ ጉባኤ ስጽፍ መግቢያውንና መዝጊያውን ከስብሰባው በፊት ቤቴ ውስጥ ጽፌ፣ መሃሉን ባዶ ትቼ እሄዳለሁ። መግቢያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መዝጊያውም "...በማለት የኮሚቴው አባላት በሙሉ ድምፅ ወስነዋል" ነው። አይቼ የማውቀው ቃለ ጉባኤ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያልቀው። ስብሰባ ላይ ተቀምጦ በጥድፊያ ከመጻፍ በእርጋታ አስቀድሞ መጻፉ ፊደሉን ያሳምርልኛል። ስርዝ ድልዝ የሚባል ነገር አላውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

እንግዲህ ጀልባዋ መጣች። ለሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የተሰጠች የብረት ጀልባ ናት፤ ከአሰብ በሁለት እግር ተሳቢ ላይ ተጭና፣ በአንድ ላንድሮቨር ተጎትታ፣ ያን በረሃ አቋርጣ ኮምቦልቻ ስትደርስ የተሳቢው ሁለቱም ጎማዎች በሙቀቱ ተበልተው አለቁ። ኮምቦልቻ ላይ በድንጋይ ተደግፋ ቆመች። የኮምቦልቻ ሕዝብ ጀልባ በደረቅ መሬት አይቶ አያውቅምና እየመጣ በጥፊ ይመታታል፣ ትጮኻለች፣ ይስቃል። ወደ ሐይቅ ለመድረስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ፣ ደሴን አቋርጣ መውረድ አለባት። ትልቅ እንግዳ ሊመርቃት ስለሚመጣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሐይቅ መድረስ አለባት ተባለ። ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ጎማ እንኳ ያለ ኮሚቴ አይመረጥም። ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው፣ የቀበሌያችን ሰው፤ አባባ በባለሙያነት፤ የአጥማጆቹ ተወካይ አቶ ይማም፣ ከሐይቅ የመጡ፣ ሽበታም፣ ጨዋታ አዋቂ ሙስሊም፤ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ነበሩ፤ ስማቸው ጠፍቶኛል፣ እጃቸው ግን አልጠፋኝም። ጸሐፊዋ እኔ።

ስብሰባው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከመጋዘን ሁለት ጥንድ ጎማ አምጥተው ጠረጴዛው ፊት አቁመውታል። አንደኛው ጥንድ አዲስ ነው፦ ጥቁር፣ አንጸባራቂ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ክብ መስመር ያለው፣ የቤት መኪና ጎማ። ሌላው ጥንድ ያገለገለ ነው፦ የፒክአፕ ጎማ፣ ጥርሱ የተበላ፣ ጭቃ የለበሰ። ሁለቱም ተሳቢው ቸርኬ ላይ ልክ ይገባሉ። አቶ ይማም አዲሱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ "አጃኢብ! ይኸ እኮ ከሙሽራ ጫማ ይበልጣል" አሉ። ሰው ሳቀ።

አባባ አልሳቁም። ተንበርክከው የአዲሱን ጎማ ጎን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ገባ። አሮጌውን ጫኑት፤ እንደ ግንብ ቆመ።

"አዲሱ ግድግዳው ስስ ነው" አሉ። "አምስት ሰው ለመሸከም የተሠራ ነው። ጀልባዋ ብረት ናት፤ ጠቅላላ ክብደቷ በሁለት እግር ላይ ነው የሚያርፈው። ቆሞ ይሸከማታል፤ ሐረጎ ላይ ግን አስፋልቱ ሲግል፣ መታጠፊያው ሲጎትተው ይፈነዳል። ይኼኛው አሮጌ ነው፣ ጥርሱ አልቋል፣ ግን ጎኑ ሸክም ያውቃል። ቀስ ብለን ብንነዳ ያደርሰናል።"

"ጓድ ተፈራ" አለ በላቸው፣ ካኪ ኮቱን እያስተካከለ፣ "እንግዳው ፎቶ ያስነሳል። የአብዮቱን ጀልባ ባለቀ ጎማ እንጎትታት ነው የምትለን?"

"ፎቶው ጀልባዋን ነው እንጂ ጎማውን ምን ያደርገዋል?"

"ጎማውም ይታያል።"

"ከታየም መሬት ላይ ሆኖ ይታይ። ገደል ውስጥ አይታይም።"

አንደኛው ሰውዬ ሊስቅ ሲል በላቸው አየውና ዋጠው። "ጴንጤ መቼም ትንቢት ይወዳል" አለ በላቸው። "ወደ ድምፅ እንሂድ። አዲሱን የሚደግፍ!" የራሱን እጅ አወጣ። ሁለቱ ሰዎች አወጡ። አቶ ይማም አባባን አዩ፣ በላቸውን አዩ፣ እጃቸውን ቀስ ብለው እስከ ጆሯቸው ድረስ አነሡ፤ እዚያው እንዳለ ጆሯቸውን አከኩበት። በላቸው "አራት!" አለ። አባባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። "እኔ የለሁበትም" አሉ፣ በግልጽ፣ ጮክ ብለው። ሰምቻለሁ። ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ።

እኔ ምን ጻፍኩ? ባዶ ቦታው ላይ፣ በሚያምር ፊደል፣ "ጓድ ተፈራ ስለ ሁለቱም ጎማዎች ሙያዊ አስተያየታቸውን ሰፋ አድርገው ሰጥተዋል፤ በመሆኑም አዲሶቹ ጎማዎች እንዲገጠሙ" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ ቤቴ የጻፍኩት መዝጊያ እየጠበቀኝ ነው፦ በሙሉ ድምፅ። አየሁት። አላየሁም ብዬ ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም፤ ግን አየሁት። ብሰርዘው ገጹ ይበላሻል። እንደ አዲስ ልጻፈው ብል በቂ ወረቀት የለም፣ ሰዉ ለመፈረም ቆሟል። ደግሞስ በሙሉ ድምፅ የማይል ቃለ ጉባኤ የት አለ? ማን ያነበዋል? ገጹ እንዲህ አምሮ ሳለ! ተውኩት። አራቱ ፈረሙ፤ አቶ ይማም በጣት አሻራቸው። ለአባባ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ፈገግ አልኩላቸው። ፈረሙ። ጽሕፈቴን እያደነቁ መስሎኝ ነበር።

ጀልባዋ የምታልፍበት ቀን ፒያሳ ላይ ተሰልፈን ነበር፤ ቀይ ማተብ የመሰለ ጨርቅ አንገታችን ላይ አስረን፣ ማርሽ ባንዱ ጥሩንባውን እያሟሸ። ፀሐይ ነበረች፤ ደሴ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ስንቴ ታያለች? አባባ ማልደው ኮምቦልቻ ወርደው፣ ያልፈለጉትን ጎማ በእጃቸው ገጥመው፣ ሹፌሩን በሚችሉት ሁሉ ለምነዋል፦ በእርምጃ ንዳ፣ መታጠፊያ ላይ ቁም፣ ጎማውን በእጅህ ዳስስ፣ ካቃጠለህ አሳርፈው። ሹፌሩም "እሺ ጋሼ" ብሏል። በላቸው ግን ከጎኑ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ ሕዝብ ተሰልፏላ! እኛ ቆምን፤ ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አቆመ። በመጨረሻ ላንድሮቨሩ መጣ። ብቻውን። ከኋላው ምንም የለም። ማርሽ ባንዱ የሚታዘዘውን እንጂ የሚታየውን አይጠብቅምና መታው፤ እኛም ባዶ መኪና አጨበጨብን። በላቸው በመስኮቱ ፊቱ አመድ መስሎ ሲያልፍ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሐረጎ ላይ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ የግራው ጎማ ጎኑ ፈንድቶ ተሳቢው ተጠማዘዘ፣ ማያያዣው ተቆርጦ ጀልባዋ ገደል ገባች። አቶ ይማም ገመዱን እንዲጠብቁ ጀልባዋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘለው ክንዳቸውን ሰበሩ፤ ነፍሳቸው ተረፈች። "ጀልባ ላይ ሆኜ ውሃ ይበላኛል ብዬ ስፈራ ኖሬ ሣር ሊበላኝ!" ይሉ ነበር በኋላ። አባባ ከኋላ በጭነት መኪና ተሳፍረው እየመጡ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ክንዳቸውን በካላማዳሪ፣ በጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ቁራጭ አስረው ሆስፒታል ያደረሷቸው። አባባን ሱቃቸው ሳይደርሱ ከሆስፒታሉ በር ያዟቸው። ክሱ "አሻጥር" ነው። የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ሆን ብሎ ማውደም። ጎማ የመረጠ ባለሙያ፣ ጎማ የገጠመ ባለሙያ፣ ያውም ጴንጤ።

ማስረጃው ምን ነበር? የእኔ ገጽ። በላቸው አዳራሹ ውስጥ ሕዝብ ሰብስቦ ከፍ አድርጎ አነበበው፤ አነባበቡ ያምር ነበር፣ ጽሕፈቱ አያደናቅፍማ። "ጓድ ተፈራ ሙያዊ አስተያየታቸውን ሰፋ አድርገው ሰጥተዋል... በሙሉ ድምፅ!" ሲል አዳራሹ አጉረመረመ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ።

አቶ ይማም ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተነሡ። ሐኪም ተኛ ያላቸው ሰው ናቸው። "ጓድ፣ ወላሂ ሐሰት ነው። እጅ ያወጣን እኛ ነን፣ እሱ የለሁበትም ብሏል።"

"ቃለ ጉባኤው እንዲህ አይልም።"

"እኔ ቃለ ጉባኤ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው ሲናገር ግን በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"አሻራህ አለበት፣ ይማም። ያልተስማማ ሰው አሻራውን ምን ብሎ ያስቀምጣል?"

"አስቀምጥ አላችሁኝ፣ አስቀመጥኩ። ማንበቡን መች አወቅኩትና!" አሉ፤ ተቀመጡ። ያ ሽማግሌ እጃቸውን ላለማውጣት ቢፈሩም ለመመስከር አልፈሩም፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው የምለው እሳቸውን ብቻ ነው።

በላቸው ወደ አባባ ዞረ። "ፊርማው የማን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"በውሳኔው ተስማምተሃል ወይስ አልተስማማህም?"

አባባ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም። ደንበኛ "ጎማዬ ስንት ወር ይቆይልኛል?" ሲላቸው እንኳ "አላውቅም" የሚሉ ሰው ናቸው። አልተስማማሁም ቢሉ ቃለ ጉባኤ ያጣመመች ልጃቸው ትጠየቃለች። ተስማምቻለሁ ቢሉ ውሸት ነው። አዳራሹን ቃኝተው፣ እኔ ጋ ሲደርሱ ሳያቆሙ አለፉ።

"ፊርማው የእኔ ነው" አሉ እንደገና።

ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው፣ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሱ። ከዚያ ወሰዷቸው።

በማግስቱ በላቸው ቢሮ ሄድኩ። አዲስ ወረቀት ይዤ፣ ትክክለኛውን ጽፌ፣ "አንድ ተቃውሞ" የሚለውን አስምሬበት። ተስፋ ነበረኝ፤ መጻፍ ነገር ያስተካክላል ብዬ አምን ነበራ! አነበበውና ሳቀ። "ጎበዝ ልጅ ነሽ" አለኝ። "ግን ይኼን ካቀረብሽ የመጀመሪያውን ሆን ብለሽ አጣመምሽ ማለት ነው። ያኔ አባትሽ አይወጣም፤ አንቺ ትጨመሪያለሽ። እናትሽ ለሁለት ሰው ስንቅ መቋጠር ትችላለች?" ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። ሁሉን ያውቅ ነበር። ስብሰባው ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፤ እጅ የቆጠረ እሱ ነው። እኔም ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ወጣሁ! ቢሮው ውስጥ አልጮህኩም፣ ደጁ ላይ አልተኛሁም፣ ወረቀቱን ወደ ሌላ ቢሮ አልወሰድኩም። ያችን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሰዎች "ምን ታድርግ፣ ልጅ እኮ ናት" ይሉልኛል። እኔ አልልላትም። ፊደሏ እንዳይበላሽ የሳሳች ልጅ፣ ለአባቷ ሲሆን ድፍረቷ የት ገባ?

አባባ ስምንት ወር ታሰሩ። ሱቋ ተወረሰችና የቀበሌው እህል መጋዘን ሆነች። እናቴ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ እኔን አላስከተለችኝም፤ "አትምጣ ብሏል" ትለኛለች፤ ማንን እንደሆነ እንኳ ስሜን ጠርታ አትነግረኝም። አቶ ይማም ግን ክንዳቸው ሲሽር ከሐይቅ ድረስ እየመጡ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው ይሰጡናል፤ "አብሽሪ፣ የኔ ልጅ፣ ጀሊሉ ያያል" ይሉኛል። አንድ ቀን፣ እንዳሰሯቸው ሁሉ ያለ ምክንያት፣ አባባን ለቀቋቸው።

ቤት ሲገቡ ያየሁት እጃቸውን ነው። ዕድሜዬን በሙሉ በጎማ የጠቆረ የማውቀው ጣታቸው ነጥቶ፣ የሌላ ሰው እጅ መስሎ። ጎረቤት ጠይቆ ወጣ፣ እናቴ ጓዳ ገባች፣ ሁለታችን ቀረን። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ስምንት ወር ሙሉ ያጠናሁትን ተናገርኩ፦ ሳያነቡ እንዲፈርሙ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፣ አምነውኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

"አንብቤዋለሁ" አሉ።

አልገባኝም።

"ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። በሙሉ ድምፅ የሚለውንም አንብቤዋለሁ።"

"ታዲያ... ታዲያ ለምን ፈረሙ?"

ነጩን እጃቸውን አዩት። "ደስ ብሎሽ ነበር" አሉ። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያን የመሰለ ገጽ ይዘሽ ቆመሽ፣ ፈገግ ብለሽ... ልሰርዝብሽ አቃተኝ። ጎማውም ምናልባት አይፈነዳ ይሆናል አልኩ።"

ተነሥቼ ቆምኩ። ከተወለድኩ ጀምሮ እርስዎ ያልኩትን አባቴን አንተ አልኩት። "ትሰርዘው ነበራ! ትቀደው ነበራ! በጥፊ ትለኝ ነበራ! አንተ ነህ እስር ቤት ያስገባኸኝ!" አልኩ፤ የታሰረው እሱ ሆኖ። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች፣ ጎረቤት ተመለሰ። አባባ አልተቆጡም። ስጨርስ፣ "እውነትሽን ነው" ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ማመልከቻም ሆነ ደብዳቤ ሲያስፈልጋቸው ጸሐፊ ቤት ሄደው አያውቁም፤ "አስቴር ትጻፈው" ነው። እጽፋለሁ። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው፣ ቃል በቃል፣ ፊት ለፊቴ ያነቡታል፤ ስሕተት ሲያገኙ ጣታቸውን አስቀምጠው፣ "ይኼ አልሆነም፤ አጥፊው" ይሉኛል። አጠፋለሁ። ገጹ ስርዝ ድልዝ ይሆናል። ያቺ ንግግራቸው ሦስት ቃል ናት። እየሰረዝኩ አለመጮኼ ለሽማግሌ ክብር ነው እንጂ ስንት ጊዜ ብዕሩን ልወረውርባቸው ቃጥቶኛል። ያን ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እኔ ፈገግ እያልኩ፣ ሦስቱን ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት!